በድሮ የስለላ ሰነድ ላይ ያለን ኮድ እንዴት እንፈታለን? ጣቢያን ከክፍል፣ ክፍልን ከፖስታ ቁጥር የመለያ ዝርዝር መመሪያ

በአሥመራ የነበረውን የአሜሪካ የሬዲዮ ጠለፋ ጣቢያ፣ ቃኘው ጣቢያን፣ የሚያጠኑ፣ ወላጆቻቸው እዚያ ሲሠሩ የነበሩበትን ዘመን የሚያፈላልጉ፣ ምስጢራዊነታቸው ተነሥቶላቸው ለሕዝብ የተለቀቁ የአሜሪካ ሰነዶችን የሚያነቡ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ይሳሳታሉ። ገጹ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ያያሉ፤ ወዲያው ካርታ ይከፍታሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንድ የሬዲዮ ጠለፋ ጣቢያ በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት መጠሪያ ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱን መጠሪያ የሰጠው ቢሮ ሌላ ነው፤ የሰጠበትም ምክንያት ሌላ ነው። ስለዚህ «ይህ የት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ይህን የሰጠው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሰነዶቹ ላይ ኮዶቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ በድምፃቸው አስፍሬአቸዋለሁ፦ «ዩኤስኤን» ስል ዩ፣ ኤስ፣ ኤን የሚባሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ማለቴ ነው። «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ በተለቀቁ ሰነዶች ላይ ብቻ ሥሩ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለን ወታደራዊ ተቋም በዚህ ዘዴ ለማግኘት አትሞክሩ፤ በብዙ አገር በወንጀል ያስጠይቃል፣ ለታሪክ ሥራችሁም አይጠቅምም።

እነዚህን አዘጋጁ፦

• የሰነዱን ሙሉ ቅጂ። ከሰው የተላከላችሁ የተቆረጠ ፎቶ አይበቃም። የገጹ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ፣ የኅዳጉ ማኅተም፣ የጠቆረው መስመር ሁሉ ያስፈልጋችኋል።
• ስምንት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ፦ ኮዱ እንደ ተጻፈ፣ የሰነዱ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ላኪ፣ ተቀባይ፣ የኮዱ ዓይነት፣ ቦታ፣ የእርግጠኝነት ደረጃ።
• የኢትዮጵያና የአውሮፓ ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን የተቀመጡበት መቀየሪያ።
• እርሳስ። በእስክሪብቶ የተጻፈን ግምት ማጥፋት ስለማይቻል ብዙ ሰው ሳያውቀው በራሱ ግምት ይታሰራል።

ደረጃ 1፦ ኮዱን እንዳለ ቅዱ

አታርሙ፣ አታሳጥሩ። ሰረዝ ካለው ከነሰረዙ፣ ክፍተት ካለው ከነክፍተቱ ጻፉ። አንድ ታይፒስት «ዩኤስኤም-626ጄ» ብሎ የጻፈውን ሌላው ያለ ሰረዝ ይጽፈዋል፤ ይህ ልዩነት በኋላ ሰነዱን የጻፈውን ቢሮ ለመለየት ሊረዳ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በቴሌፕሪንተር የተጻፉና ብዙ ጊዜ የተባዙ ገጾች ዓይንን ያታልላሉ። የላቲኑ «ኦ» እና ዜሮ፣ «አይ» እና አንድ፣ «ኤስ» እና አምስት፣ «ቢ» እና ስምንት ይመሳሰላሉ። ገጹን ወደ ጽሑፍ የቀየረው ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ ይባዛል።

ፍለጋው ባዶ ከመለሰላችሁ፦ ኮዱን በሰረዝ፣ ያለ ሰረዝ፣ በክፍተት፣ በቁጥሩ ብቻ እያደረጋችሁ አራት ጊዜ ፈልጉ። ያም ካልሠራ ተመሳሳዮቹን ፊደላት ለውጣችሁ ሞክሩ። «የለም» ብላችሁ መዝገብ የምትዘጉት ገጹን በዓይናችሁ ካነበባችሁ በኋላ ነው።

ደረጃ 2፦ ኮድ የሚመስለውን ግን ያልሆነውን አውጡ

ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። በተለቀቀ ሰነድ ላይ ከሚታዩት ፊደልና ቁጥሮች ግማሹ ስለ ጣቢያው ምንም አይናገርም።

• «ዶክአይዲ» ተብሎ በገጹ አናት ላይ የሚታየው ረጅም ቁጥር ሰነዱ ሲለቀቅ የተሰጠው የመዝገብ ቁጥር ነው። ለማጣቀሻ ጠብቁት እንጂ አትፍቱት።
• «ፒኤል 86-36» በጠቆረው መስመር አጠገብ ደጋግሞ ይመጣል። ይህ በ1959 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ቁጥር ነው፤ የሬዲዮና የስልክ ጠለፋን የሚመራው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የድርጅቱን አሠራርና ሠራተኞች እንዳይገልጽ የሚፈቅድለት አንቀጽ ነው። «የ86ኛው ክፍል 36ኛ ቅርንጫፍ» ብሎ ያነበበው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።
• «ኦጂኤ» የሚለው «ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት» ማለት ነው፤ ጥቁሩን ቀለም ያስቀባው ሌላ ተቋም መሆኑን ያመለክታል።
• «ዲናር»፣ «ትራይን»፣ «አምብራ» የመሳሰሉ ቃላት ከ«ከፍተኛ ምስጢር» ቀጥለው ሲመጡ የምስጢሩን ደረጃ የሚያሳዩ ቃላት ናቸው። የዘመቻ ስም አይደሉም፣ የጣቢያም ስም አይደሉም።
• በሰያፍ መስመር የተከፋፈለ ረጅም ተከታታይ ቁጥርና ፊደል የሪፖርቱ መለያ ነው። የላኪው ኮድ በውስጡ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ ለጊዜው ለብቻው አስቀምጡት።

ደረጃ 3፦ የሰጪውን እጅ ለዩ

አሥመራን እንውሰድ፤ ለእኛ ቅርብ ነው፣ መጠሪያውም የበዛ ነው። አሜሪካውያኑ በ1943 የገቡት ቀድሞ የጣሊያን ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ ወደነበረው ወደ ራዲዮ ማሪና ነው። በ1953 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ቦታው ቃኘው ጣቢያ ተባለ። እስከ 1977 ቆየ። አሁን በዚህ በአንድ ቦታ ላይ የተደራረቡትን ስሞች አንድ በአንድ ለዩ።

ሀ. የቦታው ስም። ራዲዮ ማሪና፣ አሥመራ ባራክስ፣ ቃኘው ጣቢያ። ይህን የሚሰጠው ጦሩ ወይም አስተናጋጁ አገር ነው። «ቃኘው» ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ስም ነው፤ ያም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የመጣ ነው። ስለዚህ ሰነድ ላይ «ቃኘው» ስታዩ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቦታውንና አውዱን ሳታዩ ወደ አሥመራ አትውሰዱት፤ በ1951 ኮሪያ ውስጥ ያለው ቃኘው ሻለቃው ነው።

ለ. የክፍሉ ስም። 4ኛው የምድር ጦር ደኅንነት ኤጀንሲ የመስክ ጣቢያ። ይህ የሰዎችና የትእዛዝ ሰንሰለት ስም ነው። ክፍል ይፈርሳል፣ ስሙ ይለወጣል፣ ቦታው ግን እዚያው ይቀራል።

ሐ. የፖስታ ቁጥር። አሥመራ 843 ነበር። አሜሪካ በ1963 አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ ቁጥር ከጀመረች በኋላ 09843 ሆነ። ፖስታውን በእጃችሁ ያዙትና ተመልከቱ፦ የአሜሪካ ቴምብር፣ የጦሩ ፖስታ ማኅተም፣ አድራሻው ላይ «ኒው ዮርክ» የሚል። ደብዳቤው ኒው ዮርክን ያየው በመተላለፊያነት ነው እንጂ የተጻፈው አሥመራ ነው። አባቱ «ኒው ዮርክ ተመድቦ ነበር» ብሎ የደመደመ ልጅ ቢኖር አይፈረድበትም፤ እናንተ ግን አትድገሙት።

መ. የመሬት ክልል ፊደል። የጣቢያው ይዞታ «ትራክት» በሚባሉ ክፍልፋዮች ተከፋፍሎ በፊደል ይጠራ ነበር፤ ዋናው ግቢ ትራክት ኢ ነው። ይህችን ፊደል በደረጃ 5 ከምታገኙት የኮድ ቅጥያ ጋር ፈጽሞ አታደባልቁ።

ሠ. የፕሮጀክት ስም። ስቶንሃውስ የሚባለው ፕሮጀክት በአሥመራ ሁለት ግዙፍ ሳሕኖች ነበሩት፤ አንዱ ወርዱ 85 ጫማ፣ ሌላው 150 ጫማ። ሥራቸው የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮች ወደ ምድር የሚልኩትን ሲግናል መቀበል ነበር፤ አሥመራ የሶቪየቶቹ መቀበያ ካለበት ከክራይሚያ ጋር በተቀራራቢ የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ መገኘቷ ለዚህ አመቸ። ፕሮጀክት የራሱ ዕድሜ አለው፤ በጣቢያው ዕድሜ አትለኩት።

ረ. የሪፖርት ላኪ መለያ። በሰነዶቹ አጠራር «ሲጋድ» ይባላል። የተጠለፈውን ሲግናል የሰበሰበውንና ሪፖርት ያደረገውን አካል የሚለይ ኮድ ነው። የሚቀጥሉት ደረጃዎች ስለዚህ ናቸው።

በተጨማሪ የሽፋን ስም የሚባል አለ፣ እሱም በብዛት ያስታል። በቬትናም የምድር ጦሩ የጠለፋ ክፍሎች «የሬዲዮ ምርምር ክፍል» ተብለው ይጠሩ ነበር። በቱርክ ሲኖፕ የነበረው ጣቢያ «ቱስሎግ 4ኛ ቅርንጫፍ» ተብሎ የሎጂስቲክስ ክፍል መስሎ ይታይ ነበር። «ምርምር» ወይም «ሎጂስቲክስ» ያለው ሁሉ ስለላ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሌላ ምስክር ፈልጉ።

እጁን መለየት ካቃታችሁ፦ ኮዱ ገጹ ላይ የት እንደ ተቀመጠ ተመልከቱ። በ«ከ» መስመር ላይ ካለ ላኪ ነው። በአድራሻ ላይ ካለ ፖስታ ነው። በሰው ስም ቀጥሎ ካለ የክፍል ስም ነው። አቀማመጡ ብዙ ጊዜ ከኮዱ የበለጠ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ የላኪውን መለያ ሰንጥቃችሁ አንብቡ

ከግራ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ አትዝለሉ።

1. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት አገር ናቸው፦ «ዩኤስ» አሜሪካ፣ «ዩኬ» ብሪታኒያ፣ ወዘተ።
2. ሦስተኛ ፊደል ካለ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ኮዶች የጦር ዘርፉን ያሳያል፦ «ኤን» ባሕር ኃይል፣ «ኤም» ምድር ጦር፣ «ኤ» አየር ኃይል።
3. ቁጥሩ መለያው ነው።
4. ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣ ፊደል ቅጥያ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ፣ ሦስቱንም ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

አንደኛ፣ «ዩኤስኤ» እና ቁጥር ስታዩ «የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት» ብላችሁ አታንብቡ። «ዩኤስ» አገሩ፣ «ኤ» አየር ኃይሉ ነው። «ኤ» ምድር ጦር የሚመስላቸውም አሉ፤ የምድር ጦሩ ፊደል «ኤም» ነው።

ሁለተኛ፣ «ኤም» የማሪን ወታደሮች አይደለም። ቬትናም ውስጥ ፉ ባይ የተባለውን ቦታ ተመልከቱ፤ ምድር ጦሩም ማሪኖቹም እዚያ ነበሩ። የምድር ጦሩ ሪፖርት «ዩኤስኤም-626ጄ» ብሎ ይወጣል። የማሪኖቹ ደግሞ «ዩኤስኤን-414ቲ» ነው፤ ምክንያቱም ማሪን የሚተዳደረው በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። አንድ መንደር፣ ሁለት ኮድ። ካርታ ላይ ሁለት ነጥብ ያደረገ ሰው ተሳስቷል።

ሦስተኛ፣ የፊደሉ ቦታ ትርጉሙን ይለውጣል። በ«ዩኤስ-984ኤክስኤን» ውስጥ ያለው «ኤን» ከቁጥሩ በኋላ ስለ መጣ ከባሕር ኃይል ጋር ግንኙነት የለውም።

የአየር ኃይል ክፍል ስም ሲገጥማችሁ አንድ አቋራጭ አለ፦ በቀዝቃዛው ጦርነት የአየር ኃይሉ ደኅንነት አገልግሎት ክፍሎች ቁጥር በአብዛኛው በ69 ይጀምራል። 6931 በቀርጤስ ደሴት ኢራክሊዮን፣ 6950 በእንግሊዝ ቺክሳንድስ። ይህ ግን የክፍል ቁጥር እንጂ ሲጋድ አይደለም፤ በየዓምዱ አስገቡት።

ደረጃ 5፦ ቅጥያዋን ከእናቷ አገናኙ

626 ቤተሰቡ ከሆነ፣ «ጄ» ከልጆቹ አንዱ ነው። ስለዚህ «626ጄ» ላይ ያገኛችሁትን ቦታ ለ626 ሁሉ አታውሉት። በሠንጠረዡ ላይ እናትየዋን በአንድ መስመር፣ ቅጥያ ያላቸውን ከሥሯ በየመስመራቸው ጻፉ።

ቅጥያው የጠፋበት ሰነድ ከገጠማችሁ (ጥቁር ቀለም ሊበላው ይችላል) «626፣ ቅጥያው አልተነበበም» በሉ። ፊደሉን ከጎረቤት ሰነድ ተበድራችሁ አትሙሉ።

ደረጃ 6፦ ቦታ ነው፣ መርከብ ነው፣ ወይስ ፕሮግራም?

ኮዱ መሬት ላይ ያለ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፦ «ዩኤስኤን-27» በፊሊፒንስ ሳን ሚጌል የነበረው የባሕር ኃይል ጣቢያ ነው። እንዲህ ያለው ቀላል ነው።

መርከብም ይሆናል። ሰኔ 1 ቀን 1959 ዓ.ም. (ጁን 8 ቀን 1967) በእስራኤል አውሮፕላኖችና ጀልባዎች ተመትታ 34 ሰዎች የሞቱባት ሊበርቲ የምትባለው የአሜሪካ መርከብ ኮዷ «ዩኤስኤን-855» ነው። የመርከቧን ፎቶ ብታዩ ግን ጎኗ ላይ በትልቁ የተቀባው «ጂቲአር 5» ነው። ያ የመርከብ ቁጥሯ ነው፤ ማንም ከሩቅ ያነበዋል። 855 ግን በቀለም አይጻፍም፤ ሪፖርት ላይ ብቻ ይኖራል። ለመርከብ የቦታ ዓምዱን በአንድ ከተማ አትሙሉ፤ ከየቀኑ ጋር ያለችበትን ባሕር ጻፉ።

ፕሮግራምም ይሆናል። በ2013 በኤድዋርድ ስኖውደን አማካይነት የወጣው ፕሪዝም መለያው «ዩኤስ-984ኤክስኤን» ነው። ከኢንተርኔት ኩባንያዎች የሚገኝ መረጃ የሚመዘገብበት መለያ እንጂ አንቴናና አጥር ያለው ቦታ አይደለም። ይህን በካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ዕድሜውን ቢጨርስ አያገኘውም።

ደረጃ 7፦ ባለቤቱን ከአገሩ ፊደል አትደምድሙ

እዚህ ደረጃ ላይ ቀስ በሉ፤ ትልልቅ ጋዜጦችም የወደቁበት ነው።

በጥቅምት 2013 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ «ዩኤስ-985ዲ» የሚል መለያ ያለበትን ሰንጠረዥ መሠረት አድርጎ አሜሪካ በ30 ቀን ውስጥ 70.3 ሚሊዮን የፈረንሳይ የስልክ መረጃ ሰበሰበች ብሎ ጻፈ። በዚያው ወር መጨረሻ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው ኃላፊ ጄኔራል ኪት አሌክሳንደር ለምክር ቤቱ ሲመሰክሩ፣ መረጃው አሜሪካ ራሷ ከሰበሰበችው ሌላ የኔቶ አጋሮቿ ሰብስበው ያካፈሏትንም የሚጨምር ነው አሉ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የጀርመኑ የውጭ ስለላ ድርጅት «ዩኤስ-987ኤልኤ» እና «ዩኤስ-987ኤልቢ» የሚባሉት መለያዎች ባድ አይብሊንግ ያለውን ጣቢያና በአፍጋኒስታን የሚደረገውን የራሱን ጠለፋ የሚመለከቱ እንደሚመስሉት ገልጾ ነበር።

ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ «ዩኤስ» የሚለው ፊደል መረጃው በአሜሪካ ሥርዓት ውስጥ በየትኛው በር እንደ ገባ ይናገራል። አንቴናውን የያዘው እጅ የማን እንደ ሆነና የተጠለፈው ሰው የየት አገር እንደ ሆነ ሌላ ጥያቄዎች ናቸው። በሠንጠረዡ ላይ ሦስቱን ለዩ፦ መለያውን የሰጠ፣ የሰበሰበ፣ የተሰበሰበበት።

ደረጃ 8፦ ሰዓቱን ቀይሩ

የወታደራዊ መልእክት ቀን እንዲህ ይጻፋል፦ «080530ዜድ ጁን 67»። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ቀን (8)፣ የሚቀጥሉት አራቱ ሰዓት (05:30)፣ ፊደሏ የሰዓት ቀጠና ናት። «ዜድ» የግሪንዊች ሰዓት ነው።

ወደ እኛ ለማምጣት ሦስት ሰዓት ጨምሩ፦ 08:30። ከዚያ ስድስት ቀንሱ፦ ከጠዋቱ 2:30፣ ሰኔ 1 ቀን 1959 ዓ.ም.።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ2100ዜድ በኋላ ያለ መልእክት ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት በአውሮፓ አቆጣጠር ቀኑ ይገለበጣል። 072127ዜድ በአሥመራ በ8ኛው ቀን ከሌሊቱ 6:27 ነው። በጣቢያው የሠሩ አባት ወይም እናት ግን ያንን ሌሊት ከዋለው ቀን ጋር ሊቆጥሩት ይችላሉ። ሰነዱና ምስክሩ በአንድ ቀን ቢለያዩ ማንንም ዋሸ አትበሉ፤ መጀመሪያ ይህን አስሉ።

ፊደሏን አትናቁ። የአሜሪካ መርከቦች በሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ተጠቁ በተባለበት በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ጉዳይ፣ በነሐሴ 1964 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰሜን ቬትናም ከግሪንዊች ሰባት ሰዓት ስትቀድም ደቡቡ ስምንት ይቀድም ነበር። በ2005 እና በ2006 የተለቀቁትን ሰነዶች ሲያነቡ ይህችን አንድ ሰዓት የዘነጉ ሰዎች ምክንያቱን ከውጤቱ በኋላ ያደርጉታል።

ደረጃ 9፦ በሁለት ምስክር አጽኑ

አንድ ኮድ ለአንድ ቦታ «ተረጋገጠ» የሚባለው ሁለቱ በአንድ ሰነድ ላይ አብረው ሲጻፉ፣ ወይም እርስ በርስ ያልተገለባበጡ ሁለት ምንጮች ሲስማሙ ነው። ሁለት ድረ ገጾች ከአንድ ዝርዝር ከገለበጡ ሁለት አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ስሕተት እንኳ አብረው መገልበጣቸውን ፈልጉ፤ የፊደል ግድፈቱ ተመሳሳይ ከሆነ ምንጩ አንድ ነው።

በሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ሦስት ቃል ብቻ ተጠቀሙ፦ «ተረጋግጧል»፣ «ይመስላል»፣ «ባዶ»። «ባዶ» ውድቀት አይደለም። ለሚቀጥለው ተመራማሪ የት መቆፈር እንዳለበት ያሳየዋል፤ በግምት የተሞላ ዓምድ ግን ዓመታት ያስከፍለዋል።

የቀድሞ ሠራተኞችን ስትጠይቁ ኮዱን አትጠይቋቸው። የአገሬው ሠራተኛ ኮድ አይነገረውም ነበር። «አባባ፣ በየትኛው በር ትገቡ ነበር? ትልቁ ሳሕን በየት በኩል ይታይ ነበር? ደመወዝ የት ትቀበሉ ነበር?» በሉ። በሩና ሳሕኑ ትራክቱንና ፕሮጀክቱን ይነግሯችኋል። መልሱንም በራሳቸው ቃል ጻፉ፤ «ራዲዮ ማሪና» ካሉ «ቃኘው ጣቢያ» ብላችሁ አታርሟቸው፣ አጠራሩ ራሱ የገቡበትን ዘመን ሊጠቁም ይችላል።

የጠቆረ መስመር ከፊታችሁ ከቆመ

በአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ማንም ሰው፣ አሜሪካዊ ባይሆንም፣ ሰነድ መጠየቅ ይችላል። በራሳችሁ ስም ጠይቁ፤ በአገራችሁ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስም የቀረበን ጥያቄ የስለላ ተቋማቱ እንዳያስተናግዱ ሕጉ ይከለክላቸዋል። «ስለ አሥመራ ያላችሁን ሁሉ» አትበሉ። የሰነዱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የገጹንና የአንቀጹን ቁጥር ጻፉና ያ የጠቆረ መስመር ዳግመኛ እንዲታይ ጠይቁ። መልሱ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን መጀመሪያ ላኩና እየጠበቃችሁ በቀሪዎቹ ኮዶች ላይ ሥሩ።

ሰነዱ ሲመለስ አሮጌውን ቅጂ አትጣሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንዱ የጠቆረው በሌላው የተገለጠበት፣ በአንዱ የተገለጠው በሌላው የጠቆረበት ጊዜ አለ፤ ለየገጹ የሚፈርደው ሰው ይለያያልና።